ከግራ ዓይኑ በታች ያለው ነጥብ

በረኪና ሲወለድ አላለቀሰም፤ አኮረፈ እንጂ፣ ይላሉ እናቱ። አዋላጇ የጠቀለለችበት ጨርቅ ላይ እድፍ አይቶ ነው አሉ። እናት ስለ ልጇ የማትለው የለምና ይህን ለእሳቸው እንተወው። እኛ የምናውቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ትምህርት ቤት ሳለ አንድ እርሳስ ዓመት ሲያቆየው ላጲስ ግን ወር አይሞላለትም ነበር።

«የቤት ሥራህ የታለ?» ይሉታል መምህሩ።

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ስህተት ነበረበት።»

«ትክክሉስ?»

«እሱ ደግሞ ቆሸሸ።»

እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ወይ ዳኛ ይሆናል ወይ ልብስ አጣቢ። በረኪና ሁለቱን የሚያጣምር ሥራ አገኘ። ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን ያለፈው ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ የትርጉም ድርጅት ውስጥ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ባለ ጥቁርና ነጭ የሥዕል ታሪኮችን በኮምፒውተር ያጸዳል። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የድርጅቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። «እኔ የቆሸሸውን አጸዳለሁ፤ ይሄ በረኪና ግን ያልቆሸሸውንም አይምርም» አለች አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ። ስሙ በዚያው ጸና። እሱም እንደ ሹመት ተቀበለው።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። የሥዕል መጽሐፉ የሚመጣው ዳቦ እንኳ በማይጠቀለልበት ርካሽ ወረቀት ታትሞ ነው። ጀርባው በመቁረጫ ይሸለትና ቅጠል በቅጠል ስካነር ላይ ይተኛል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ ታዲያ የወረቀቱ ቢጫነት ግራጫ ሆኖ፣ የጀርባው ገጽ ሥዕል እንደ ጥላ ብቅ ብሎ፣ አቧራው፣ ፀጉሩ፣ አንዳንዴም የዝንብ እግር ተጨምሮበት ይገባል። በረኪና ጥቁሩን ያጠቁራል፤ ነጩን ያነጣል። ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ንግግር ከያዘው ክብ ውስጥ የባዕዱን ጽሕፈት ጠርጎ፣ ለተርጓሚው ቃል ባዶ ቤት ያዘጋጃል። የጥፊ ወይም የበር ድምፅ በትልልቅ ፊደል ሰው ላይ ተጽፎ ከሆነ ድምፁን አጥፍቶ ከሥሩ የተሸፈነውን ኮት ወይም ግድግዳ በግምት መልሶ ይስላል። አንድ ጊዜ የበር ድምፅ ሲያጠፋ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ አብሮ ጠፋ። ሰውየው በሚቀጥለው ገጽ የሚገደል ስለነበረ ማንም አልፈለገውም።

ከሁሉ በላይ የሚኮራባት ግን አንዲት ቁልፍ ነበረችው። ራሱ ያዘጋጃት ትእዛዝ ናት፤ አንዴ ከተጫነች፣ ነጭ ላይ የተገኘ ማንኛውም ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይደመሰሳል። ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ። በቀን መቶ ገጽ በዚህ ፍርድ ያልፋል። ቁልፏ ትልቅ ሆኖባት ያለፈችውን ነጥብ ደግሞ እሱ በእጁ ይለቅማታል።

ጣጣው የመጣው «ባለ ካፖርቱ» ከተባለው አሥራ ሁለት መጽሐፍ ያለው ታሪክ ጋር ነው። ካፖርት ለባሹ ሰውዬ ከእህቱ በሕፃንነቱ ተለይቶ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ ሥራው ያ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሦስተኛ ገጽ ላይ በረኪና ከሰውየው ግራ ዓይን በታች ነጥብ አየና አጠፋ። አምስተኛው ገጽ ላይ አየ፤ አጠፋ። ሰባተኛው ላይ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቺ ነገር የሰውየው ምልክት ትሆን እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። በረኪና ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ነጥብ ሲያይ ቆሻሻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። «የስካነሩ መስታወት ቆሽሿል» አለና ደብዳቤ ጻፈ።

ስካነሩን የምታሠራው ሴት በድርጅቱ አሥራ አንድ ዓመት የቆየች፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ሳትወለውል ወረቀት የማታስተኛ ነበረች። ለዚህም ነው «እትዬ መስታወት» የምትባለው። ደብዳቤው ሲደርሳት ሥዕሉን አየች፤ ከዚያ በረኪናን አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሲሳል የተሳለ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ነጥብ አላውቅም ነው የሚሉት?»

«ነጥብማ ታውቃለህ። ሰው ነው የማታውቀው።»

ይቺ ንግግር አንጀቱን አሳረረችው። በሁለተኛው መጽሐፍ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሦስተኛው ሦስተኛ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ደብዳቤ ሲደረደር የሚያስደስታቸው ሰው ነበሩ። የነጥብ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ጸሐፊ ተርጓሚው፣ ሦስተኛው የሠራተኛው ተወካይ። ተወካዩ የተመረጠው ስብሰባ ላይ ዓይኑን ሳይከድን መተኛት ስለሚችል ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ኮሚቴው አዲስ ስካነር አስገዛ። ነጥቡ አልጠፋም። ኮሚቴው ነጥቡ የሚተላለፈው በሴትዮዋ እጅ መሆኑን ደረሰበትና ጓንት እንድታጠልቅ ታዘዘች። ነጥቡ አልጠፋም። በትንፋሽዋ ይሆናል ተባለና አፏን እንድትሸፍን ተደረገ። ነጥቡ አሁንም ባለ ካፖርቱ ዓይን ሥር ቁጭ ብሎ ኮሚቴውን ያያል። በዚህ ጊዜ እትዬ መስታወት ትዕግሥቷ አለቀና ጀርባው ያልተቆረጠ ዋናውን መጽሐፍ ይዛ ስብሰባው መሐል ገባች። «ይኸው፣ ዓይን ያለው ይይ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነጥቡ እዚያም ነበረ። ኮሚቴው በድንጋጤ ተያየ። ወንጀሉ ከተገመተው በላይ የከፋ ነበር፤ ሴትዮዋ ዋናውንም አበላሽታለች።

«ከዚህ ሰው ጋር ምን ጠብ አለሽ?» አሏት ሥራ አስኪያጁ።

«ከየትኛው ሰው?»

«ከባለ ካፖርቱ።»

«እሱ እኮ ሥዕል ነው፣ ጌታዬ!»

«ከጥያቄው አትሽሺ። ለምን ሌላ ሰው ፊት ላይ አትነጥቢም?»

«እኔ አልነጠብኩም። ማርያም የሳመችው ምልክት ነው። የኔ ልጅም ጆሮው ሥር አለው።»

«ይጻፍ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ ተርጓሚው ዞረው። «ልጇም ላይ ነጥብ መኖሩን አምናለች።»

ከዚያ ወዲያ የነጥብ ማሳወቂያ ቅጽ ወጣ። ለያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቅጽ፣ በሦስት ቅጂ። «ጥፋቱን የፈጸመው ሠራተኛ» በሚለው መስመር ላይ ጊዜ እንዳይባክን የእትዬ መስታወት ሙሉ ስም አስቀድሞ ታተመበት። መመሪያም ተጨመረ፤ ሃምሳ ነጥብ ማስጠንቀቂያ፣ መቶ ነጥብ ከሥራ መሰናበት፣ ከሁለት መቶ በላይ በአንድ መጽሐፍ ከተገኘ ጉዳዩ ለፖሊስ ይመራል። በረኪና ባለፉት መጽሐፎች ያጠፋቸውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆጥሮ ሞላ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ። ቁም ሣጥኑ አልዘጋ አለ።

ሰኞ ዕለት እትዬ መስታወት ታገደች። የስንብት ደብዳቤዋን አርብ ጠዋት መጥታ እንድትወስድ ተነገራት። በቦታዋም በዚያው ቀን የሥራ አስኪያጁ አማች፣ የሚስታቸው ወንድም ማለት ነው፣ ገባ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። ስካነሩን መጀመሪያ ሲያየው ክዳኑን ገልጦ ሻይ አስቀመጠበት። ቢሆንም የመጨረሻውን አሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንደ ምንም በሁለት ቀን ስካን አድርጎ ጨረሰ።

ረቡዕ ጠዋት በረኪና መጽሐፉን ከፈተና ሥራውን ጀመረ። ቁልፏን ይጫናል፤ ያልፋል። ይጫናል፤ ያልፋል። አርባኛው ገጽ ላይ የባለ ካፖርቱ እህት ከባቡር ወረደች። ደህና። አርባ አንደኛውን ገጽ ሲከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆነበት። የተበላሸ መስሎት ገመዱን ነቀነቀ። ራቅ ብሎ አየው። ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ነጥቡ ነበር! እንደ ምጣድ ክዳን የሚያህል፣ ክብ፣ በአንድ ጎኑ ብርሃን ያረፈበት፣ ሁለት ፀጉር የበቀለበት ነጥብ። ቁልፏን ተጫነ። ቁልፏ ምንም አላደረገችም። በእርሷ ቤት ይህን የሚያህል ቆሻሻ የለም።

ተርጓሚው የላከለትን ጽሑፍ አወጣና አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚባል አነበበ። እህትየዋ እንዲህ ትላለች፦ «ከግራ ዓይንህ በታች ያለችው ምልክት! አንተ ወንድሜ ነህ!»

በረኪና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ሁለቱን ፀጉሮች አየ። አቧራ ፀጉር አያበቅልም። ይህን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ነጥብ ያጠና ሰው ሊክደው አይችልም። ሴትዮዋ አንድም ቀን አልዋሸችም። አርብ ጠዋት አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ቤት ለቃ፣ በዚህ ዕድሜዋ ሥራ ፍለጋ ደጅ ልትጠና የምትወጣው እሱ ሰው ፊት ላይ ያለን ምልክት ከዝንብ ኩስ መለየት ስላቃተው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ የእሱ ሆድ አሁን ነው ያወቀው።

ደረጃ የሚወርድ ይመስል እየተንደረደረ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ ነጥቡ ቆሻሻ አይደለም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ እንደ ታመመ ሰው።

«በረኪና፣ ኮሚቴው ስንት ጊዜ ተቀመጠ?»

«ዘጠኝ ጊዜ፣ ጌታዬ።»

«ስካነር ተገዝቷል?»

«ተገዝቷል።»

«ቅጽ ታትሟል?»

«ታትሟል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ የሆነው ለሌለ ቆሻሻ ነው እያልከኝ ነው? ይልቅ ሂድና ዕረፍ፤ ደክሞሃል።»

«ግን ጌታዬ፣ እህቱ የምታውቀው በነጥቡ ነው። ነጥቡን ካጠፋሁት ታሪኩ አያልቅም!»

ተርጓሚው ተጠራ። ተርጓሚው ቀጭን፣ አንገቱን በስካርፍ የሚጠቀልል፣ ከደራሲዎቹ ይልቅ እሱ እንደሚበልጥ በየስብሰባው የሚጠቁም ሰው ነው። ችግሩን ሰማ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣሪያውን «አየ»። ከዚያም ጻፈ፦ «ከዓይንህ በታች ምንም ባለመኖሩ አወቅሁህ፣ ወንድሜ!»

«ግሩም!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም የሌለበት ሰው እኮ ብዙ ነው» አለ በረኪና። «እኔም ከዓይኔ በታች ምንም የለኝም። እርስዎም የለዎትም።»

«አሻሚነቱ ነው ውበቱ» አለ ተርጓሚው።

«አርባ አንደኛው ገጽስ? ሙሉ ገጹ ነጥብ ነው። ሳጠፋው ባዶ ወረቀት ነው የሚቀረው።»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰቡ። «ነጭ ገጽ ለአንባቢ ዓይን ዕረፍት ነው» አሉ። «ደግሞ ቅጹን መሙላት እንዳትረሳ። አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ያለ ቅጽ መዝገብ ቤት አይገባም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ ወረቀት የያዘ ለት ግን ምን እንደሚባል አበው ሳይነግሩን ሞቱ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ታጥፋለች። ራት ሲቀርብለት እንጀራውን እየቆረሰ ትሪው ዳር ይከምረዋል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

ነገራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ዘረዘረላት። መርፌዋ ቆመ። ሚስቱ ደግሞ አገጯ ላይ፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ፣ ማርያም የሳመችው ምልክት ያላት ሴት ናት። ቀስ ብላ ተነስታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋቸውን ፎቶ አውርዳ መብራት ሥር አየችው። አፍንጫዋ እስኪነካው ድረስ አስጠጋችው።

«ሰውዬ።»

«አቤት።»

«ይሄን ፎቶ ከማሳተማችን በፊት አንተ ጋ ነበር?»

«...ትንሽ ብርሃኑን አስተካክዬ...»

«ምልክቴ የታለ?»

በረኪና ውሃ ጠጣ።

«ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችው ሴት ማን ናት? እናቴ እኮ መጥታ ባየችው ቁጥር 'ልጄ እዚህ ላይ አትመስይም' ትላለች። እኔ የፎቶ አንሺው ጥፋት መስሎኝ ሰውየውን ስረግም ኖሬያለሁ!»

«ቁልፏ ናት እንጂ እኔ...»

«ቁልፏን ማን ሠራት? ቆይ፣ ፊቴን ስታየኝ ምንድን ነው የምታየው? አቧራ?»

«ኧረ በእናትሽ!»

ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቀለችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ቁጣዋ ሲበርድ የነገሩ ዋና ጭንቅ የት እንዳለ አልጠፋትም።

«የኔስ ይቆየኝ። ሴትዮዋ አርብ ነው የምትባረረው?»

«አርብ። ነግሬያቸው ነበር እኮ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።»

«አይሰሙህም። እነዚህ ሰዎች እውነት ሲነገራቸው የሰደብካቸው ይመስላቸዋል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እውነቱን ካልሰሙህ ውሸታቸውን ተከተልላቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ተከተልላቸውና የት እንደሚያደርሳቸው እነሱ ይዩት። ቅጹን ሙላ አይደል ያሉህ?»

«አዎ።»

«ሙላ ታዲያ። በደንብ ሙላ።»

በረኪና ሐሙስ ጠዋት ቅጾቹን ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከመራቸው። የመጀመሪያውን አነሳ። «የነጥቡ ቦታ፦ ከግራ ዓይን በታች።» «መጠን፦ ከሰሊጥ የሚያንስ።» «ጥፋቱን የፈጸመው ሠራተኛ፦» እዚህ ላይ የእትዬ መስታወት ስም ታትሞ ይጠብቀዋል። ግን አሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ስካን ያደረገችው እሷ አይደለችም። ዕድሜ ልኩን ሲሰርዝ የኖረ ሰው አንድ መስመር ለመሰረዝ ይህን ያህል ላብ አልቦት አያውቅም። ስሟን ሰረዘና የአማቹን ስም ጻፈ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ ከነአባቱ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ። በሦስት ቅጂ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «መጠን» በሚለው ሥር «ሙሉ ገጽ፤ ከሁለት ፀጉር ጋር» ብሎ ሞላ። ከሰዓት በኋላ አማቹ ራሱ ብቅ ብሎ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀው።

«ስምህን ነው» አለ በረኪና።

«ኧረ? ሹመት ነው?»

«ወደዚያው ነው።»

አማቹ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። በረኪና ክምሩን ታቅፎ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ መስታወት አራቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ መጣች። ደህናውን ቀሚሷን ለብሳለች። በእጇ ባዶ ፌስታል ይዛለች፤ መሳቢያዋ ውስጥ ያለውን ኩባያና ነጠላ ጫማ ልትወስድበት ነው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። በረኪና ወደ ስብሰባው ተጠርቶ በፊቷ ሲያልፍ ሰላም አላት። ቀና ብላም አላየችው።

ውስጥ፣ ተርጓሚው ቅጾቹን በማንበብ ላይ ነበር። ሰባተኛው ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። አሥረኛው ላይ ስካርፉን አላላ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ስሙ... ጌታዬ፣ ስሙ ላይ የተጻፈው...» ወረቀቱን ገፋ አደረገላቸው።

ሥራ አስኪያጁ አነበቡ። ሌላ አነሱ። ሌላ አነሱ። ፊታቸው ከበርበሬ ወደ ጎመን፣ ከጎመን ወደ አመድ ሄደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጽ ነው፣ ጌታዬ» አለ በረኪና። «በመመሪያው መሠረት።»

«ሰኞ የገባ ሰው እኮ ነው! በሁለት ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ?»

«እትዬ መስታወት በመጽሐፍ ሲደለደል መቶ ስልሳ ስምንት ነው የሚደርሳት። ሰውየው ገና ጀማሪ ነው፤ ግን በልጧታል።»

የሠራተኛው ተወካይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃ። «ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን ለፖሊስ ይመራል አይደል የሚለው መመሪያው?» አለ። መመሪያውን ማንበቡን ማንም አያውቅም ነበር፤ ተኝቶ ሰምቶት ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ ማታ ቤታቸው ሲገቡ በር ላይ የምትቆመውን ሚስታቸውን በሐሳባቸው አዩ፤ ዓይናቸው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። የአርባ አንደኛውን ገጽ ኅትመት አነሱ። አራቁት፤ አቀረቡት፤ ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

«ቆይ እስቲ...» አሉ። «ይሄ ነገር ማርያም የሳመችው ምልክት አይደለም እንዴ?»

«እኔም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ ተርጓሚው በፍጥነት።

«ፀጉር አለው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ አዲስ አገር እንዳገኘ መርከበኛ። «ቆሻሻ ፀጉር አያበቅልም! ይጻፍ! ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ምርመራ...»

ዘጠኝ ስብሰባ ያላገኘችው እውነት በዘጠኝ ደቂቃ ተገኘች። አማቹ ነጻ ወጣ። እሱ ነጻ ከወጣ ሴትዮዋም ሳትወድ በግድ ነጻ ትወጣለች፤ አንዱን ነጥብ ምልክት፣ ሌላውን ነጥብ ወንጀል ማድረግ የሚቻልበት ዘዴ ተርጓሚው አንድ ሰዓት ሙሉ ቢፈልግም አልተገኘምና። ተወካዩ የስንብት ደብዳቤውን ራሱ ቀደደው፤ በኋላ ለሠራተኛው «ቀደድኩት» ብሎ ለማውራት።

«ይሁን» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ግን አሥራ አንድ መጽሐፍ ያለ ምልክት ታትሞ ሕዝብ እጅ ገብቷል። ጥፋት አለ። ጥፋት ካለ ጥፋተኛ አለ። ማን ነው?»

ማንም ማንንም አላየም። በረኪና እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ረቡዕም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ረቡዕም እኔ ነበርኩ።»

ቅጣቱ እዚያው ተወሰነ። ከአሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ጋር አንባቢው እየላጠ የሚለጥፈው ወረቀት በነጻ ያገኛል። ወረቀቱ ላይ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነጥቦች ይታተማሉ፤ ከሰሊጥ እስከ ሽምብራ በየመጠናቸው፣ የትኛው መጽሐፍ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚለጠፍ ቁጥር ተጽፎባቸው። አንባቢው አንድ በአንድ እየላጠ ለባለ ካፖርቱ ምልክቱን ይመልስለታል። ነጥቦቹን በረኪና በየገጹ ፊት ላይ ልክ ቦታቸውን እየለካ በእጁ ይስላቸዋል። ቁልፍ አይፈቀድም። ሲጨርስ ደግሞ ከማጽዳት ሥራ ተነስቶ፣ ደሞዙ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ እትዬ መስታወት ተነስታ ቆማ ነበር። ጆሮ ያለው ግድግዳ ሁሉን ነግሯታል።

«እትዬ፣ አይባረሩም። ደብዳቤው ተቀደደ። ነጥቡ ምልክት መሆኑ ተረጋገጠ።»

«ለቀባሪው አረዱት!» አለች። «ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

«እውነትዎን ነው።»

«አማቹስ?»

«መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነ።»

«ጓንቱን ከነገ ጀምሮ ላውልቅ?»

በረኪና መሬት መሬት አየ። «ጠይቄልዎት ነበር። ጓንቱ መመሪያ ነው፤ መመሪያ ለመሻር ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል አሉ።»

ሳቀች። የምር ሳቀች፤ አግዳሚውን እስክትይዝ። እሱም አብሯት ሊስቅ ሲል ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አየና አፉን ዘጋ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አልልህም።»

«እግርዎ ሥር...»

«ተው! ኮሪደር ላይ አትውደቅብኝ፤ ሰው ያያል።» ፌስታሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ስንት ወር ነው ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና እየፈተግሁ 'ምን ነክቼ ይሆን?' ስል የኖርኩት? የልጄን ጆሮ ሳይቀር አጥቤያለሁ፤ እኔ ራሴ፣ የዚያን ልጅ ምልክት በፎጣ አሸሁት። ገባህ? ይህን በአንዴ ይቅር በይኝ ትለኛለህ?»

በረኪና ከአግዳሚው ፈቀቅ አለ።

«ስንት ነጥብ ነው የተፈረደብህ?»

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት።»

«ሂድና ጀምር። መቶ መቶ እየሞላህ አምጣና አሳየኝ። ዓይን ላይ ያረፈች፣ አፍንጫ ላይ የወረደች አንዲት ብትኖር መልሼልህ ነው የምመጣው። መጨረሻዋን የሳልክ ለት ይቅር ይበሉኝ በለኝ፤ ያን ጊዜ አስብበታለሁ።»

ወደ ስካነሩ ክፍል ገባች። ወዲያው ድምፅዋ ወጣ፤ «ማነው እዚህ ላይ ሻይ ያፈሰሰው?»

በረኪና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንደኛ መጽሐፍ፣ ሦስተኛ ገጽ። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ማንም የማይመስል ፊት አየው። ከግራ ዓይኑ በታች አንዲት ትንሽ ጥቁር አኖረ። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዳበት ነበርና አጠፋት። እንደገና አኖራት። ከሩቅ አያት፤ ሰውየው የሆነ ሰው መሰለ።